አርባ የጎደላት እንግዳ

ቲቲን ሮሃኤቲ የሞተችው አርብ ቀን፣ ወንዶቹ ሁሉ ለጁምዓ ሶላት ወጥተው ቢሮው ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ከወንበሯና ከጠረጴዛዋ መካከል ወድቃ ተገኘች። ፊቷ ከማበጡ የተነሳ እናቷ እንኳ መጀመሪያ አልለየቻትም። ቀኝ እጇ መሳቢያው ውስጥ እንደገባ ቀርቷል። የምትፈልገው ነገር እዚያ አልነበረም።

ሥራዋ የሐሰት ሰው መፍጠር ነበር። አትሳቁ፤ ባንዱንግ ከተማ ውስጥ በዚህ ሥራ የሚተዳደር ሰው ብዙ ነው። ድርጅቱ ለክሊኒኮች የበሽተኛ መዝገብ ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙ እውነተኛ በሽተኛ ከመንካቱ በፊት ደግሞ በሌለ በሽተኛ መፈተን አለበት። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ የማይስማማው ምግብ፤ አንዱ ከሌላው የማይገጥም፣ በዕጣ የወጣ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው። እነዚህን ሰዎች የምታወጣውን ትንሽ ፕሮግራም ቢሮው «አዋላጇ» ይላታል፤ በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ አንዳንድ ቅጂ አለ። ቲቲን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት። ጠዋት ስትገባ «እናትዬ፣ ትናንት ስንት ወለድሽ?» ይሏታል። እሷ ከልቧ ቁጥሩን ትነግራቸዋለች፤ እነሱ ይንከተከታሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ ያልሰለቻቸው ሰዎች ነበሩ።

ኢንስፔክተር ዴዴህ ከእረፍቷ ተጠርታ የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አጭር፣ ሃምሳን ያለፈች፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን የምትራገም ሴት ናት። ሳጅን ኤንጃንግ በሩ ላይ ጠበቃት፤ ፊቱ ሠርግ የተጠራ ሰው ፊት ነበር።

«በከንቱ ደከሙ እንጂ ኢቡ፣ ነገሩ አልቋል» አላት፤ «ኢቡ» በአገሩ ወግ «እመቤት» ማለት ነው። «ገዳይዋ ከአርብ ማታ ጀምሮ እኛ ዘንድ ናት።»

«እስቲ ንገረኝ።»

ሳጅኑ በመግቢያው ላይ የቆመውን የእንግዳ መመዝገቢያ ስክሪን ነካ አደረገው። እንግዳ ሲመጣ ራሱ የሚሞላው መዝገብ ነው፤ የሠራውም ያው ድርጅቱ ነው።

«ይኸውልዎ። አርብ፣ ስድስት ሰዓት ከአሥር። ኮኮም ኮማላሳሪ የምትባል ሴት። የመጣችበት ጉዳይ፦ ለቲቲን ምሳ ማድረስ። ስሙ የውሸት ነው፤ ስልኩ ግን አጋለጣት! ስንደውል ማን ቢያነሳ ጥሩ ነው? ከሕንጻው ጀርባ በኦቾሎኒ የተለወሰውን ሰላጣ፣ ካሬዶክ፣ የምትሸጠው ኢማስ! ቀኑን ሙሉ ኦቾሎኒ ስትወቅጥ የምትውል ሴት። ቲቲንን ደግሞ የገደላት ኦቾሎኒ ነው፤ ሰውነቷ አይቀበልም። ከዚህ በላይ ምን ይምጣልን?»

«ኢማስ አመነች?»

«ትክዳለች እንጂ። የስምንት ወር ልጅ አላት መሰለኝ፤ ጡቴ ፈነዳ፣ ልጄን አምጡልኝ እያለች ጣቢያውን በጩኸት አናወጠችው። እኛ የሕፃናት ማቆያ አይደለንም አልኳት። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ዐቃቤ ሕግ ትሄዳለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያውቁታል፤ አንዴ የሄደ መዝገብ በዓመቱም አይመለስም።»

ዴዴህ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። የእንግዳዋን ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ የትውልድ ቀን መጋቢት 14 ቀን 1989 እንደ አቆጣጠራቸው፤ ከሥሩ አሥራ ስድስት አኃዝ ያለው የመታወቂያ ቁጥር። ሰባተኛውና ስምንተኛው አኃዝ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አሥራ አራት። ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን መታወቂያ አወጣች፤ አየችውና መልሳ ከተተችው።

«አንተ ልጅ» አለችው ሳጅኑን፣ «ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ነው የሰነበትከው። የላቦራቶሪው ወረቀት የታለ?»

ወረቀቱ ሳጅኑ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሳይነበብ፣ አራት ቦታ ተጣጥፎ። ኦቾሎኒው የተገኘው ቲቲን ከቤቷ ባመጣችው ባለ ሦስት ድርብ የምሳ ዕቃ ውስጥ ነው። እናቷ በሠራችው የሚጥሚጣ ድልህ ላይ፣ እንደ ዱቄት ደቆ፣ በደንብ ተለውሷል። የሚያቃጥል ነገር ጣዕም ይደብቃል። ቲቲን ከእናቷ እጅ በቀር ከማንም አትበላም ነበር፤ ምሳ ዕቃዋን ጠዋት ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ላዩ ላይ «የቲቲን ነው፣ እባካችሁ አትንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ አሁንም አለ። መሳቢያዋ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ላለ ቀን የሚሆን መርፌ የምታስቀምጥበት ካርቶን ተገኘ፤ በጥንቃቄ ተዘግቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው።

«አየህ» አለች ዴዴህ። «ይህች እንግዳህ አምስት ደቂቃ ገብታ ማቀዝቀዣውንም መሳቢያውንም አወቀችው? ጥሩ ዓይን አላት።»

ሳጅኑ አንገቱን አከከ።

መጀመሪያ የጠራችው ዩዩንን ነው። የፕሮግራሙን መልክ የምትሥል፣ ጥፍሯ በአምስት ቀለም የተቀባ ወጣት ናት፤ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ነች።

«አርብ ወንዶቹ ሲወጡ የት ነበርሽ?»

«እዚያው ጎን ካለው ክፍል። ተከታታይ ፊልም እያየሁ ነበር፣ ማዳመጫ አድርጌ።»

«ምንም አልሰማሽም?»

ዩዩን ጥፍሯን ማየት ጀመረች፤ ቲቲንን እንደ ታላቅ እህት «ቴህ» ነበር የምትላት። «ወንበር ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ከዚያ ጠረጴዛ የሚደበደብ ይመስል ነበር። ምን ላድርግ ኢቡ፣ ቴህ ቲቲን ሁልጊዜ የሆነ ነገር አላት! ጉንዳን ገባ፣ ማቀዝቀዣው ሸተተ፣ ቁልፏ ቦታው ላይ አይደለም። አሁን ደግሞ ምን ሆነች አልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት።»

«ስንት ደቂቃ ደበደበች?»

«አላውቅም። የፊልሙ ክፍል እስኪያልቅ» አለች ዩዩን። «ክፉ ሰው አይደለሁም እኮ።»

«እንግዳ ሲገባ አላየሽም። እሺ። አዋላጇ አንቺም ጋ አለች?»

«አለች። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ቴህ ቲቲን ራሷ አጠገቤ ተቀምጣ አዲሱን ጫነችልኝ። አሮጌው ጉድለት አለበት አለች፤ አስረዳችኝ፣ እኔ ግን አልሰማኋትም።»

ሁለተኛው ዲክዲክ ነው፤ የአዋላጇ ጸሐፊ። ቀጭን፣ ሸሚዙ ላይ የወጥ ነጠብጣብ የማይጠፋው ወጣት።

«አዋላጇን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«በሁለት ቀን ነው የሠራኋት። ቴህ ቲቲን ደግሞ በሁለት ዓመት እየነቀሰች አሳፈረችኝ። ያለፈው ሳምንት ሰኞማ ለሁሉም ደብዳቤ ጽፋ፣ ሁሉም ፊት አስተካክል አለችኝ። ተቃጠልኩ። አስተካከልኩ።»

«ደብዳቤው ላይ ምን ነበር?»

ዲክዲክ ነገራት። እየነገራት ሳለ አንድ ነገር ገባውና ሊናገር አፉን ከፈተ። ዴዴህ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ለጊዜው ዋጠው» አለችው። «ሌላ ልጠይቅህ። ትልቁን የበሽተኛ መዝገብ ፕሮግራም ቲቲን ካልፈረመች ወደ ክሊኒክ ማውጣት ይቻላል?»

«አይቻልም። እሷ ደግሞ እምቢ ብላለች። ስማቸውና የትውልድ ቀናቸው የገጠመ ሁለት በሽተኞችን አንድ ያደርጋቸዋል። ከዚያ የአንዱ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ‹እኔን የመሰለች ሴት መጥታ በሌላ ሰው መዝገብ ትታከምና ትሞታለች› ትል ነበር። አለቃችን ፓክ ዊራ ግን ለጤና ቢሮው ሹሞች ቃል ሰጥቷል፤ ፕሮግራሙ ሰኞ ይከፈታል ብሎ።»

«ተከፈተ?»

«ትናንት።»

«ማን ፈረመ?»

«ፓክ ዊራ። ቅዳሜ... ከቀብር እንደተመለስን።»

ሦስተኛው ያው ፓክ ዊራ ነው፤ እንደኛ አቶ ዊራ፣ የድርጅቱ ባለቤት። ሽበቱ የተበጠረ፣ ድምፁ ማር የሆነ ሰው። ቡና አስመጣላት፣ ወንበር ሳበላት፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቃት። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ነበር።

«ቲቲን መልካም ልጅ ነበረች» አለ። «አንድ በሽታ ብቻ ነበረባት። ጉድለት መፈለግ።»

«የቀጠሯት ለዚያ አይደለም እንዴ?»

ሳቀ። «ኢቡ፣ ለምግብ ጨው ይጨመራል፣ ጨው ግን አይበላም። በቀን ሦስት ደብዳቤ! ይህ ጎደለ፣ ያ ጠመመ። ሦስት ወር ሆነኝ አንዱንም ካነበብኩ። ከእሷ የሚመጣ ነገር ሳይከፈት በቀጥታ ቆሻሻ ቅርጫት እንዲገባ አድርጌ ነው ያረፍኩት።» ይህንን ሲናገር ጎበዝ ነህ እንዲባል የሚጠብቅ ልጅ ይመስል ነበር።

«አርብ ዕለት መስጊድ ነበሩ?»

«የመጀመሪያው ረድፍ ላይ። ኢማሙን ይጠይቁ።»

«ጠይቄያለሁ፤ ነበሩ። ኮምፒውተርዎን ሌላ ሰው ይነካዋል?»

«በጣቴ አሻራ ብቻ ነው የሚከፈተው። እኔም በወጣትነቴ ፕሮግራም ጸሐፊ ነበርኩ፤ ንብረቴን እጠብቃለሁ።»

ዴዴህ ቡናውን ሳትነካው ተነሳች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በስብሰባው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ዊራ፣ ዲክዲክ፣ ዩዩን፣ እያንዳንዳቸው ኮምፒውተራቸውን ይዘው። ሳጅን ኤንጃንግ ከኋላቸው ቆመ። ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ኢማስን የሚወስደው መኪና ጣቢያው በር ላይ ደርሷል።

«ብዙ አላስቸግራችሁም» አለች ዴዴህ። «ለቲቲን መታሰቢያ አንድ ነገር አድርጉልኝ። አዋላጇን ክፈቱና እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ሴት ውለዱልኝ።»

ዊራ ፈገግ አለ። «ይህ ምን ያደርግልዎታል? በዕጣ የሚወጣ ነው። በተጫኑት ቁጥር ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ሰው ይመጣል፤ ለደንበኞቼ የምምለው በዚህ ነው።»

«እንግዲህ እንያት።»

ዩዩን ተጫነች፤ አንዲት ሴት ወጣች። ዲክዲክ ተጫነ፤ ሌላ ሴት ወጣች። ዊራ ጣቱን አስነካ፣ ከፈተ፣ ተጫነ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። እጁ እንደገና ሊጫን ሲወረወር ሳጅኑ ከኋላ አንጓውን ያዘው። ሳጅኑ ለምን እንደያዘው ራሱም አላወቀም፤ ዓይኑ ግን ስክሪኑ ላይ ነበር።

«አንብበው» አለችው ዴዴህ።

«ኮኮም...» ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኮኮም ኮማላሳሪ። መጋቢት 14 ቀን 1989። ስልኩ... ኢቡ፣ ስልኩ የኢማስ ነው! የመታወቂያ ቁጥሩም ያው ነው! ያቺው ሴትዮ ናት!»

ዩዩን በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«ተበላሽቷል» አለ ዊራ። «ይህ ነገር ተበላሽቷል።»

«ልክ ነዎት፤ የተበላሸ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር» አለች ዴዴህና ተቀመጠች። «ኦቾሎኒው ያለው ቲቲን ከቤቷ ባመጣችው ድልህ ውስጥ ነው፤ የገባውም ጠዋት ነው። መርፌውን የወሰደው ሰው ካርቶኑን መልሶ ዘግቷል። ይህ የቤት ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ በስድስት ሰዓት ከአሥር ማንም እዚህ መገኘት አላስፈለገውም። ገዳዩ መስጊድ ቁጭ ብሎ አሚን እያለ እሷ እዚህ ትሞታለች። ታዲያ እንግዳዋ ለምን አስፈለገች?»

ዴዴህ በጣቷ ራሷንና ሳጅኑን አመለከተች።

«ለእኛ ናት! የምንይዘው ሰው እንዲኖረን። መዝገቡ የራሳችሁ ሥራ ነው፤ የፈለጋችሁትን ሰዓት ትጽፉበታላችሁ። እንግዳዋ ደግሞ የግድ ሴት መሆን አለባት። አርብ በስድስት ሰዓት ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ወንድ ቢመዘገብ፣ ይህ ሰው ጁምዓ አይሰግድም እንዴ ብሎ የማይጠይቅ ማን ነው? ገዳያችን ይህን አሰበና ከአዋላጇ ሴት ጠየቀ። እስከዚህ ብልህ ነበር። ሳጅን፣ የሚስትህ መታወቂያ ፎቶ ስልክህ ላይ አለ?»

«አለ፣ ኢቡ።»

«ምን ቀን ተወለደች?»

«በስምንት።»

«ቁጥሩ ላይ ሰባተኛውና ስምንተኛው አኃዝ ስንት ይላል?»

ሳጅኑ ፈለገ። «አርባ ስምንት ይላል።» ቀና አለ። «ለካ... ለሴት አርባ ይደመርበታል!»

«አሥራ ሁለት ዓመት አብረሃት ተኝተህ አሁን አየኸው። እኔ በሃያ ሦስት ተወለድኩ፤ መታወቂያዬ ስልሳ ሦስት ይላል። ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ በየመስኮቱ ስንሞላው ነው የኖርነው። ኮኮም በአሥራ አራት ተወለደች፤ ሃምሳ አራት ማለት ሲገባው አሥራ አራት ይላል። ወንድ የጻፋት፣ ወንድ የመዘገባት ሴት ናት። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ሳያት እንዳልተወለደች አወቅሁ።»

«አዋላጇን የጻፈው ዲክዲክ ነው!» አለ ዊራ። ማሩ ከድምፁ አልቋል።

«ጽፏታል። ያለፈው ሳምንት ሰኞ ደግሞ ቲቲን አስገድዳው አስተካከላት። የእሱን ስክሪን ይዩ፣ የሴቲቱ አርባ አለ። የዩዩንም አለ። አሮጌዋ አዋላጅ የቀረችው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ የማይከፍት ሰው ጋ፣ በጣቱ አሻራ ብቻ የሚከፈት ኮምፒውተር ላይ። እርስዎ ራስዎ ነገሩኝ። ሳጅን፣ ቅርጫቱን ክፈትና ያለፈውን ሳምንት የሰኞ ደብዳቤ ጮክ ብለህ አንብበው።»

ሳጅኑ በአንድ እጁ ዊራን እንደያዘ በሌላው ፈለገ፤ ደብዳቤው ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር። አነበበ፤

«‹ለሁላችሁም። አዋላጇ ላይ ሦስት ጉድለት አግኝቻለሁ። አንደኛ፣ በሴቶች መታወቂያ ላይ አርባ አትደምርም። ሁለተኛ፣ ተዘግታ በተከፈተች ቁጥር ዕጣውን ከአንድ ቦታ ስለምትጀምር፣ መጀመሪያ የምትወጣው ሴት ሁልጊዜ ያቺው ናት። ሦስተኛ፣ ስልኮቹ የፈጠራ አይደሉም፤ ዲክዲክ ምሳ ከሚበላባቸው ቤቶች ማስታወቂያ ላይ የገለበጣቸው የእውነተኛ ሰዎች ቁጥሮች ናቸው። እባካችሁ ዛሬውኑ ቀይሩ። በእኛ ስንፍና ምንም የማታውቅ ሴት እንዳትጎዳ። ቲቲን።›»

ዲክዲክ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ከኢማስ ዘንድ በየቀኑ ነበር የሚበላው፤ ዱቤም ትሰጠው ነበር።

ዊራ ደብዳቤውን ስክሪኑ ላይ አየው። ከዚያ የተናገረው እስከ ዛሬ በቢሮው ይወራል።

«ሁልጊዜ ታንዛዛዋለች» አለ። «አጠር አድርጋ ብትጽፍ ኖሮ አነብበው ነበር።»

«ሦስት ነጥብ ነው፣ ፓክ ዊራ» አለች ዴዴህ። «አንብበውት ቢሆን አንይዝዎትም ነበር።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጣቢያው ስልክ ተደወለ፤ መኪናው ያለ ኢማስ ተመለሰ። ዴዴህ ራሷ ከጣቢያው ይዛት ወጣች። ኢማስ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሸሚዟ ከፊቱ በወተት ረጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ረጥቦ ካርቶን መስሏል።

«ያቺ ሴትዮ ተገኘች?» አለች። «ኮኮም የምትባለዋ?»

«የለችም ልጄ። ድሮም አልነበረችም።»

«ታዲያ እኔን ለምን?»

ዴዴህ የመኪናውን በር ከፈተችላት። «ስልክሽ ማስታወቂያሽ ላይ ነበር» አለቻት።

ቤት ስትደርስ አማቷ ልጁን በጡጦ እያጠባች ነበር። ኢማስ ነጥቃ ታቀፈችው፣ ጡቷን አወጣች። ልጁ አሸተተ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ አማቷ እጁን ዘረጋና አለቀሰ። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና አለቀሰ።

«አራት ቀን እኮ ነው» አለች አማቷ። «ለምዶ ነው፣ ምን ይሁን።» ልጁንም ከእጇ ወሰደችው።

ያኔ ነው ጣቢያው የመለሰላት ስልክ የኢማስ ወገብ ላይ የጮኸው። ደንበኛ መስሏት አየችው። መልእክት ነው፤ ሰኞ ዕለት አዲስ ፕሮግራም ካስገባ አንድ ክሊኒክ የመጣ። የሙከራ ሰዎቹን ከትልቁ ፕሮግራም ውስጥ ለቅማ የምታወጣው ቲቲን ነበረች፤ ማንም እሷን ተክቶ አላወጣቸውም።

«የተከበሩ ወይዘሮ ኮኮም ኮማላሳሪ፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሕክምና ቀጠሮ እንዳለዎት እናስታውሳለን።»

ኢማስ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወደ ጓዳ ገባች፣ ስልኩን የኦቾሎኒው ሙቀጫ ውስጥ አስቀመጠች፣ ዘነዘናውን አነሳች። አማቷ ከውጭ «ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለቻት። እሷ እስኪደቅ ወቀጠችው።